«ንዴቴን ምን ላድርገው?» ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት መልእክት ላከልኝ። የጓደኛው ፎቶ ከነስሙና ከነሥራ ቦታው፣ ወንድ ያፈቅራል ተብሎ፣ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ፤ አከራዩም በዚያው ሌሊት ዕቃውን ደጅ አወጣችበት። አሁን ሁለቱ በከተማው ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተጠጋግተው ያድራሉ። «ሲስተር፣ ንዴቴ ሊያሳብደኝ ነው። ፊቴን አሳይቼ ቪዲዮ ልልቀቅ? ሰልፍ ልውጣ? ምን ላድርገው?» ይላል።

ለእሱ የምለውን በስልክ ብያለሁ። ስልክህን ቆልፍ፣ የማታውቀው ሰው ከቀጠረህ ብቻህን አትሂድ የሚለውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ጠይቆኝ ነበር፤ የእሱን ነገር ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል።

ነርስ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት በኤችአይቪ ምክርና ምርመራ ክፍል ነው፤ ከአለርት ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ፣ ያኔ ግማሹ ገና የጤፍ ማሳ በነበረ ሰፈር። መድኃኒቱ በ1995 መጨረሻ በክፍያ ሲጀመር መግዛት የቻለው ሰው ጥቂት ነበር። ሌላው ወይ ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ወይ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጣል። ስንቱን በሸክም አምጥተውልኝ በሸክም መልሰውታል።

ልጁ ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ አሮጌ ሲንጀር ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ወንድ እንደሚያፈቅር የነገረኝ እዚያው የምክር ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ተነስቶ በሩ መዘጋቱን አረጋግጦ፣ ተቀምጦ፣ እንደገና ተነስቶ አረጋግጦ። በግድግዳችን ላይ ከተለጠፉት ፖስተሮች አንዱም የእሱን ዓይነት ሰው አያነሳም ነበር። እኔም ብሆን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን የማዘወትር ሴት ነኝ፤ ዛሬም አዘወትራለሁ። ግን አንድ በሽተኛ ፊቴ ላይ ፍርድ እየፈለገ ሲያየኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አንድ ቀን ሌላ ጤና ተቋም ለምርመራ ሄዶ፣ የሚያየው ባለሙያ በሩን ከፍቶ ባልደረቦቹን ጠራበት። «ኑና እዩ» አላቸው። ገብተው ቆመው አዩት፤ አንዷ ሳቀች። ካርዱን ይዞ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ደርቋል። «መስኮታቸውን ነው የማረግፈው» ይላል፣ «ከዚያ ምን ላድርገው ሲስተር፣ ይህን ነገር የት ላድርሰው?»

ሻይ አስመጣሁለት፤ አልጠጣውም። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና መጠየቅ ጀመርኩ። ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ስንት ሰው ገባ? በሩ ምን ያህል ተከፈተ፣ ኮሪደር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ያዩ ነበር? ቃል በቃል ምን አለ? መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ ፖሊስ የሆንኩበት መሰለው። ቀስ በቀስ ግን ድምፁ ተስተካከለ። ያን ጽሑፍ ስድቡን እያወጣን፣ የሆነውን ብቻ እያስቀረን ደጋግመን ገለበጥነው። መጨረሻው ላይ የምንፈልገውን ጻፍን፦ በሽተኛ በተዘጋ በር ይታይ፣ ከሚያክመው በስተቀር ማንም አይግባ፣ ካርድ ወንበር ላይ አይጣል። እዚያው ቤት ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ሴቶች ነበሩ፤ እነሱም ፈረሙ። እነሱ የፈረሙት ለራሳቸው ነው፤ የእሱን ምክንያት አያውቁም።

ኃላፊው አንብቦ ዝም አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለምርመራ ክፍሉ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ለካርዱም ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ተገዛ። ሰው ጠርቶ ያስቆመው ባለሙያ ግን ምንም አልሆነም። ይህ ዛሬም ያበግነኛል።

ከዚያ በኋላ ልጁን ማን ይቻለው! አንድ ወፍራም ደብተር ገዛ። በስፌት ማስመሪያው አምድ አሰመረበት፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን መልስ ተሰጠ። እነ ተስፋ ጎህና መቅድም መንገዱን አሳይተው ስለነበር በሰፈራችንም ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ እሱ ጸሐፊ ሆነ። ከኪራይ ቤት የተባረረች ሴት ስትመጣ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ደብተሩን ይዞ ቀበሌ ይሄዳል። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር የማን ስም ወረፋ ላይ እንደተዘለለ የሚያውቀው እሱ ነበር። ሊቀ መንበሩ መናገር ይችላል፤ ሥራው ግን የልጁ ነበር። ንዴቱ የት ገባ ብትሉኝ እዚያ ደብተር ውስጥ ገባ እላለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የያኔው ትግል ከባዱ ከመንግሥት ጋር አልነበረም፤ መድኃኒት ጀምረው ጠበል ሲገቡ ክኒናቸውን ከሚጥሉ ሰዎች ጋር ነበር። እነዚያን ሰዎች ማንም ነርስ ተሟግቶ አልረታቸውም። የጠቀመው የቤተ ክርስቲያን አባቶችን አስረድቶ፣ በመጨረሻም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ ማለታቸው ነው። ሰው የሚሰማውን ሰው ማሳመን መንገዱን ምን ያህል እንደሚያሳጥር ያን ጊዜ ገባኝ። በእናንተ ጉዳይ ይህ ነገ ይሆናል አልልም። ግን «እነሱ አይሰሙም» ብላችሁ አትዝጉት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ዓመታት አለፉ፤ ወሬ ተነሳ። ከየት እንደተነሳ አይታወቅም፣ ብቻ ማኅበሩ ደረሰ። አንድ እሑድ ከሰዓት በአንድ አባል ግቢ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ስለ ማኅበሩ ስም ተናገረ፣ ስለ ለጋሾች ተናገረ፣ ስለ ልጆቻችን ተናገረ። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዕቃዋን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቷ የመለሰላት ሴት ከፊቱ ነበረች፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እየቆጠረች ቀና አላለችም። እኔ ተነስቼ የምችለውን ያህል ተናገርኩ። በአክብሮት አዳመጡኝና ከማኅበሩ እንዲወጣ እጃቸውን አወጡ። ልጁ አልተከራከረም። ማኅተሙንና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «የርክክብ ሰነድ ይጻፍልኝ» አለ፤ እስኪጻፍም ቆሞ ጠበቀ። ፈርሞ ቅጂውን ይዞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ናይሮቢ ገባ።

ቁጭቴ ይኼ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተጣላው ለእነሱ ነበር፤ የእሱ ቀን ሲመጣ አንድም እጅ አልቀረለትም። እጁን ያውቁት ነበር፣ ደብተሩን ያውቁት ነበር፤ እሱን ግን አያውቁትም።

ሌላ አገር የሆነ አንድ ታሪክ አለ፤ ካነበብኩት ጀምሮ ከዚያ ግቢ ጋር እያስተያየሁት እኖራለሁ። ደቡብ አፍሪካዊው ሳይመን ንኮሊ እ.ኤ.አ. በ1984 በፀረ አፓርታይድ ትግል ታስሮ በዴልማስ የአገር ክህደት ችሎት ከትግሉ መሪዎች ከእነ ሌኮታና ሞሌፌ ጋር ተከሰሰ። እስር ቤት ውስጥ እንደ እናንተ ወንድ የሚያፈቅር መሆኑን ለጓዶቹ ነገራቸው። ተጣሉ፤ ከእሱ ጋር አብረን አንቀርብም ያሉም ነበሩ። ግን አንድ ክስ፣ አንድ ችሎት ነበርና መነጋገር ግድ ሆነባቸው። እሱ በ1988 ነፃ ወጣ። በ1990 በጆሃንስበርግ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን የመጀመሪያ የኩራት ሰልፍ ካዘጋጁት አንዱ ሆነ፤ አብረውት የታሰሩት ደግሞ ሥልጣን ላይ ሲወጡ ለእኩልነቱ አንቀጽ ድጋፋቸውን ሰጡ። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በጾታ ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለል ከለከለ። ንኮሊ በ1998 መጨረሻ በኤድስ ሞተ። ሐዘኑ ሳይበርድ፣ በቀናት ውስጥ፣ ታጋዩ ዛኪ አክማትና ጓደኞቹ የኤድስ መድኃኒት ለሁሉም እንዲደርስ የሚታገል ድርጅት መሠረቱ፤ በ2002 መንግሥትን በሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ረትተው ነፍሰ ጡሮች ቫይረሱ ወደ ልጃቸው እንዳይተላለፍ የሚከላከለውን መድኃኒት እንዲያገኙ አስደረጉ። ለሌሎች እናቶች ነው የታገሉት። ግን ማን እንደሆኑ ተደብቀው አልነበረም።

የእኛ አገር እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ድርጊትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ስለ ጥላቻ ንግግር የወጣው አዋጅ 1185/2012 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን፣ አካል ጉዳትን ይዘረዝራል፤ እናንተ ዝርዝሩ ውስጥ የላችሁም። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ከመብት ሥራ አስወጥቶ፣ እስኪሻር አሥር ዓመት ሙሉ አገሩን ጠበቃ አሳጥቶታል። በነሐሴ 2015 ደግሞ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ ወሰድን ብለው ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቁ። ስለዚህ ሰልፍ ልውጣ ላልከው፦ አትውጣ። ዛሬ ሰልፉ አንተን ያሳጣናል እንጂ ሕጉን አይነካውም።

ቢሆንም ሕግ አንድ ቃል ብቻ አይናገርም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 እና 26 በቃላችሁ ያዙ፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የግል ሕይወትም የተጠበቀ ነው። በ2006 ይህንን ድርጊት ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ጋር የሚደምር ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ለድጋፉም ሰልፍ ታቅዶ ነበር። ረቂቁም ተተወ፣ ሰልፉም ቀረ። ቦትስዋና ውስጥም መጀመሪያ የተገኘው ማኅበር የመመዝገብ መብት ነበር፤ እሱን እ.ኤ.አ. በ2016 አገኙ፣ ከዚያ በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወንጀል አንቀጹን ሻረው። የኬንያ ታጋዮች በዚያው ዓመት ተመሳሳዩን ክስ ተሸነፉ፣ በ2023 ግን የመመዝገብ መብትን አገኙ። ረጅም ነው፤ እናንተም ረጅም ዕድሜ አላችሁ።

ስለ እናንተ ትውልድ ካነሳሁ አንድ ነገር ይከፋኛል። ሁሉን ነገር ትቀርጻላችሁ፣ ምንም አትጽፉም። አንድ ልጅ ተደብድቦ መቶ ሰው አጋርቶት፣ ቀኑንና ጣቢያውን የመዘገበ አንድ ሰው አጣሁ። በወር ውስጥ ለውጥ ካልመጣ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ደግሞ በሌላ በኩል፣ ያ ልብስ ሰፊ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥር ነበር፤ እርስ በርሳችሁ «ዜጋ» እየተባባላችሁ፣ እንደ እናንተ ያለውን ሰው በምትጠሩበት ቃል፣ ስትስቁ ሳይ ግን ያ ነገር እናንተ ላይ የለም፤ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። እሱ እንዲህ ስቆ አላየሁትም።

መዝገብ ያዙ። ስም አትጻፉበት፤ በቁጥር ይሁን፣ ቁልፉም ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። የሌላ ሰው ጉዳይ ላይም ሥሩ፦ የተከራዮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ በየጣቢያው የሚደበደቡ ልጆች። ግን እንደ ልጁ ተውጣችሁ እንዳትቀሩ። ከምትሠሩላቸው መካከል አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የታመነ ሰው ማን እንደሆናችሁ ይወቅ፤ ስትፈለጉ፣ ጠንካራ ሳላችሁ። ይህ «ተጠንቀቁ» ካልኩት ጋር እንደሚጋጭ አይጠፋኝም። ሁለቱንም እላለሁ። ከምክር ክፍሉ ወጥቶ ለዚያች ነጠላዋን ትቆጥር ለነበረች ሴት ቀድሞ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ምናልባት ያኔውኑ ታሳልፈው ነበር። ምናልባት ግን እጇን አታወጣም።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» የምትሉኝን በተመለከተ ቅሩ የምልበት አፍ የለኝም። ሕይወታችሁ ላይ ከመጡ ሂዱ። ሄዳችሁም መሥራት ይቻላል፤ እሱ ናይሮቢ ሆኖ አዲስ ለሚገቡ ልጆች የማመልከቻ ቅጽ ይሞላል።

ለጻፈልኝ ልጅ፦ የጓደኛህን ዕቃ የጣለችውን አከራይ እንዲሁ አትለፋት። አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያንስ ያዝዛል፤ በወሬ ተነስቶ ሰውን በሌሊት ማስወጣት ደግሞ የየትኛውም ውል መፍቻ አይደለም። ውሉን፣ የከፈለበትን የባንክ ደረሰኝ፣ ዕቃው ሲወጣ ያየ ጎረቤት ካለ ስሙን ያዙ። አቤቱታው ስለ ቤት ነው፤ ስለ ሌላ ነገር አንድ ቃል አይጻፍበት። ረቂቁን አምጡልኝ፣ ስድቡን እኔ አወጣዋለሁ።