ቲነር የማያስለቅቀው ጽሑፍ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ትንሽ የመኪና ቀለም ቤት አለችን። ቲነሩ፣ አሴቶኑ፣ ቤንዚኑ በየጣሳውና በየጀሪካኑ ነው የሚቀመጠው። ስሙን በማርከር እንጽፋለን፣ ብዙም ሳይቆይ ድራሹ ይጠፋል። ወረቀት ለጥፈን በፕላስተር ብንሸፍነውም ይላጣል። አሁን እያሸተትን ነው የምንለየው። ከውጭ የሚመጣው ስቲከር ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ምን ይሻለናል?
ቀለም ቀቢው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሽተቱን ዛሬውኑ ተዉት። ትነቱ ራስ ያዞራል፣ ሲቆይም ነርቭ ይጎዳል።

ማርከሩ «አይለቅም» የሚባለው በውሃ ነው። ቀለሙ ራሱ የተበጠበጠው በአልኮልና በመሳሰለው ስለሆነ ቲነር ሲነካው መልሶ ይሟሟል። በሌዘር ፕሪንተር ማተምም አያዋጣም፤ ቶነሩ፣ ማለትም የፕሪንተሩ ዱቄት ቀለም፣ ፕላስቲክ ነው፣ አሴቶን ያነሳዋል። ፕላስተሩ ደግሞ የሚላጠው ቲነሩ በጠርዙ ገብቶ ሙጫውን ስለሚያሟሟው ነው።

እርሳስ ግን አይነቃነቅም። የተራ እርሳስ ግራፋይት በቲነርም በአሴቶንም አይሟሟም፣ ኬሚስቶችም በእንዲህ ያለ ፈሳሽ በሚነከር የምርመራ ሳህን ላይ ምልክት የሚያደርጉት በእርሳስ ነው። እናንተ ደግሞ ሌላው ሰው የሌለው ነገር አላችሁ፦ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት ክሊር፣ ማለትም ቀለም ላይ የሚደረበው ቀለም አልባ ቫርኒሽ። ጣሳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግ ፈግ አድርጉና ከመኪና የተረፈ ነጭ ቀለም፣ እሱም ሃርድነር ያለው፣ ቀቡት። ሲደርቅ በእርሳስ ጻፉበት፣ ከላይ ክሊር ስጡት። በደንብ ከደረቀ በኋላ ጠብታ ቲነር ቢፈስበት ግድ የለም፣ ቶሎ ጥረጉት እንጂ።

ጀሪካን ላይ ይህ አይሠራም፣ ቀለም አይዝለትም። ለእሱ ማግኔት የማይስበው የለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጣችሁ፣ ጋዜጣ ላይ አስተኝታችሁ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን እያላችሁ ጻፉበት። ጠርዙን እጠፉት፣ እጅ ይቆርጣል። ከዚያ በሽቦ እጀታው ላይ እሰሩት፤ ክዳኑ ላይ እንዳታደርጉት፣ ክዳን ይቀያየራል። ጽሑፉ ቀለምም ሙጫም ስለሌለው ቲነር የሚያሟሟው ነገር አያገኝም። ኮስቲክ ሶዳ ካላችሁ ግን ይሄን አትጠቀሙ፣ አልሙኒየሙን ይበላዋል።

ሃይላንድ ውስጥ የተቀመጠ ካለ ደግሞ አሁኑኑ አውጡት፣ ምንም ቢጻፍበት። የጠማው ሰው ጽሑፍ አያነብም።

ስቲከሩን የምመክረው ቲነር አሽጋችሁ የምትሸጡ ብትሆኑ ነበር። ያኔ ወረቀቱን ትታችሁ ፖሊስተር (ፕላስቲክ) ስቲከር ላይ፣ በሬዚን ሪቦን፣ ማለትም በሙቀት በሚያትም ፕሪንተር ጥብጣብ፣ አሳትሙ። ግን መጀመሪያ አንድ ናሙና ተቀበሉና ቲነር በነካው ጨርቅ ደህና አድርጋችሁ እሹት፤ ከለቀቀ አትግዙ።