የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቦዩ ዳርና በጫካው ውስጥ በተራራ ብስክሌት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ አንባቢያን ስለ ተራራ ብስክሌት ከላኩልን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹ በመጠኑ አጥረዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጎረቤቴ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዝቻለሁ፤ በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በደቂቃ እየተከራየሁ ከመንዳቴ በቀር ግን ልምድ የለኝም። ሮክ ክሪክ ፓርክ ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ በጫካው ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የአፈር መንገዶች ለመንዳት አስቤ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ «የጆርጅታውኑ ቦይ ይሻልሃል» ሲለኝ ሌላው «እሱ የሽማግሌ መንገድ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የማንን ምክር ልስማ?

መልስ፦ ከሁለቱ ጓደኞችዎ ምክር በፊት የፓርኩን ደንብ ማወቅ ይቀድማል። በሮክ ክሪክ ፓርክ፣ በዲሲ ክልል ውስጥ ባሉት የአፈር መንገዶች ላይ ብስክሌት መንዳት የተከለከለ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1890 በኮንግረስ የተቋቋመ የፌዴራል ይዞታ ሲሆን እነዚያ ቀጫጭን መንገዶች ለእግረኛና ለፈረሰኛ የተተዉ ናቸው፤ ብስክሌትዎ ለተራራ የተሠራ መሆኑም ፈቃድ አይሆንልዎትም። በአስፋልቱ ላይ መንዳት ግን ይችላሉ። ከቢች ድራይቭ የላይኛው ክፍል ለመኪና የተዘጉት ቦታዎች ማርሽ መቀየርንና ፍሬን መያዝን ያለ ስጋት ለመለማመድ የሚሆኑ ናቸው። ከዚያም ወንዙን ተከትለው ወደ ታች ቢወርዱ ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ ይደርሳሉ፤ የቦዩ ዜሮ ማይል የሚቆጠረውም ከዚያ ስለሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ ያለ መኪና ወደ ቦዩ መድረስ ይቻላል ማለት ነው።

ቦዩ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ይባላል። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1828 ሲጀመር የመጀመሪያውን አካፋ የያዙት ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነበሩ፤ በሜሪላንድ ካምበርላንድ ከተማ የደረሰው ግን በ1850 ነው። የቦዩ ቁፋሮ በተጀመረበት ዕለት ሥራውን የጀመረው የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር በበኩሉ ካምበርላንድ የገባው በ1842 ስለነበረ ቦዩ ገና ሳያልቅ ተቀድሟል። ያም ሆኖ እስከ 1924 ድረስ በቅሎዎች በዳርቻው እየሄዱ ጀልባ ይጎትቱበት ነበር። ዛሬ ብስክሌት የምንነዳበት 184.5 ማይል፣ ማለትም 297 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ያ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ የመኪና መንገድ ይሠራበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በመጋቢት 1954 ጋዜጠኞችንና የሐሳቡን ተቃዋሚዎች አስከትለው ከካምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግራቸው ተጉዘው ክርክሩን አስቀየሩት፤ በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በእግር ሄዶ አይቶ የሚከራከር ዳኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ «ሽማግሌው መንገድ» እንመለስ። በቅሎ የተጫነውን ጀልባ እንድትጎትት መንገዱ ሜዳ መሆን ነበረበት። በጠቅላላው ርዝመት ያለው ከፍታ 605 ጫማ ብቻ ሲሆን እሱም ጀልባውን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው በሚያነሡና በሚያወርዱ 74 የውሃ በሮች ተከፋፍሏል፤ ብስክሌተኛው ዳገት የሚያገኘው በየውሃ በሩ አጠገብ ባለችው አጭር መወጣጫ ላይ ብቻ ነው። ጓደኛዎ የሳቀው በዚህ ይመስለናል። ሜዳ መሆኑ ግን የራሱ ድካም አለው፤ ቁልቁለት ስለሌለ ፔዳል መምታት አይቋረጥም፣ ከኮርቻው የሚነሡበት ምክንያትም ስለማይኖር ከእግር ቀድሞ የሚደክመው መቀመጫና የእጅ መዳፍ ነው። ስለዚህ በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ቆመው መንዳትን ልማድ ያድርጉ። ከጆርጅታውን ጥቂት ማይሎችን እንዳለፉ የሰውና የአስፋልቱ ብዛት ይቀንስና መንገዱ በሁለት የጎማ ፈር መካከል ሣር የበቀለበት፣ ሲካሞር ከሚባሉት ትልልቅ ዛፎች የወጡ ሥሮች በአግድም የሚያልፉበት ይሆናል። በመከር ወራት ቅጠሉ ሥሮቹን ይሸፍናቸዋል፤ እርጥብ ሥርን ደግሞ መሪን ሳይጠመዝዙና ፍሬን ሳይነኩ ቀጥ ብሎ መሻገር ነው እንጂ በጎን ከነኩት ጎማው ወዲያው ይንሸራተታል። ይህችን አንድ ልምድ ቦዩ ዳር ያወቀ ሰው በጫካ መንገድ አይደናገጥም፤ ስለዚህ ምክራችን የመጀመሪያውን ጓደኛዎን እንዲሰሙ ነው።

ስለ ጎማው ንፋስ አልጠየቁንም፤ ሆኖም ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ስለሆነ እንጨምር። ካላማዳሪያ ያለው፣ ስፋቱ ሁለት ኢንች ገደማ የሆነ ጎማ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው በቦዩ መንገድ ላይ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል። ለጫካ መንገድ ጥቂት መቀነስ ጎማው መሬቱን እንዲጨብጥ ይረዳል፤ ከልክ በላይ ከቀነሱት ግን ድንጋይ ሲመቱ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ቀዳዳ ካዩ እሾህ አትፈልጉ፣ ንፋስ ጨምሩ።

እውነተኛውን የተራራ ብስክሌት መንገድ ሲሹ፣ በጀርመንታውን አጠገብ በሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ሼፈር ፋርም የሚባለው ቦታ አለ። መንገዶቹ በእርሻና በጫካ መካከል የሚጠማዘዙ፣ በቀለም ምልክት የተለዩ፣ ለጀማሪም የሚሆኑ ናቸው፤ በነጩ ምልክት ይጀምሩና ሲለምዱት ወደ ቢጫው ይለፉ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ፋውንቴንሄድ ወደሚባለው የፌርፋክስ ፓርክ ብሄድ የብስክሌቱ መንገድ «እርጥብ ነው» ተብሎ ተዘግቶ አገኘሁት። ዝናቡ የዘነበው ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ፀሐይ ወጥቶ አስፋልቱ ደርቆ ነበር። የተራራ ብስክሌት ጭቃ ካልነዳ ለምን ተሠራ?

መልስ፦ ብስጭትዎ ይገባናል፤ የዘጉት ግን ልክ ናቸው። የአካባቢው መሬት በብዛት ቀይ ሸክላ ነው። እንደ አገራችን መረሬ፣ ላዩ የደረቀ ሲመስል ከሥሩ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ከአስፋልት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚህ ጊዜ የሚያልፍ ጎማ ፈር ይቀዳል፣ ቀጣዩ ዝናብ በፈሩ ውስጥ ይወርዳል፣ መንገዱም ቦይ ይሆናል። ብስክሌተኞች ደግሞ ጭቃውን ለመሸሽ በዳር በዳር ሲያልፉ የአንድ ክንድ መንገድ በአንድ ወቅት ውስጥ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። እነዚህን መንገዶች በአብዛኛው በአካፋና በዶማ የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በአካባቢው እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው ሞር የተባለው የተራራ ብስክሌተኞች ማኅበር ከዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ ይዟል።

ቀላል መለኪያ እንስጥዎ። መንገዱን ጥቂት እርምጃ ገብተው በጫማዎ ይርገጡት፤ የጫማው ቅርጽ ጠልቆ ከቀረ ወይም አፈሩ ከሶሉ ጋር ተጣብቆ ከተነሣ ይመለሱ። በክረምቱ ብርድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ጠዋት መሬቱ በረዶ ሆኖ ድንጋይ ይመስላል፤ ረፋድ ላይ ግን ላዩ ብቻ ይቀልጥና በረዶው ውሃውን ወደ ታች ስለማያሳልፈው ከዝናብ የባሰ ጭቃ ይሆናል። በዚያ ወቅት ማልዶ መንዳት፣ አለዚያ መተው ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ ተዘግቶ ካገኙት በቅርብዎ ያለው የማውንት ቨርነን አስፋልት መንገድ 18 ማይል ይረዝማል፣ ዝናብም አያበላሸውም።

ጥያቄ፦ ከሦስት የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር ከጆርጅታውን እስከ ሃርፐርስ ፌሪ በቦዩ መንገድ ለመጓዝ ተስማምተናል። ያሰብነው በሁዳዴ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ ሲሆን እስከ 9 ሰዓት እየጾምን ነው። በአንድ ቀን እንደርሳለን? ምን እንያዝ?

መልስ፦ ርቀቱ 60.7 ማይል፣ ማለትም 98 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 15 ማይል ቢሆንም፣ በአፈር ላይ በጓዝ የሚጓዝ ጀማሪ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ማይል ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ዕረፍት ሳይጨመር ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ለለመደ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ለእናንተ ግን ሁለት ቀን እንድትይዙ እንመክራለን። በመንገዱ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተዘጋጁ፣ ክፍያ የሌላቸው የድንኳን ማረፊያዎች አሉ፤ ለምሳሌ ተርትል ረን የተባለው በ34ኛው ማይል ላይ ስለሚገኝ ጉዞውን ከእኩሌታ ጥቂት አለፍ ብሎ ይከፍለዋል።

ጾሙን በሚመለከት ውሳኔው የእናንተና የንስሐ አባቶቻችሁ ነው። እኛ የምንናገረው ስለ ውሃ ነው። በማረፊያዎቹ ያሉት የውሃ ፓምፖች ከኅዳር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ ተዘግተው ይቆያሉ። በመጋቢት ከሄዳችሁ ጾማችሁን በምትፈቱበት ሰዓት ከያዛችሁት ውጪ በማረፊያው የሚጠጣ ውሃ አታገኙም፤ ሌሊቱም ገና ይበርዳል። ከፋሲካ በኋላ ብታደርጉት ፓምፖቹም ይከፈታሉ፣ ሆዳችሁም አይጎድልም፤ ለዚህ ጉዞ ከሁሉ የሚሻለው ወቅትም እሱ ነው።

ከጆርጅታውን እስከ ሦስተኛው ማይል ድረስ በጎን ባለው በካፒታል ክሬሰንት አስፋልት መንገድ መሄድ ይቀላል፤ ፍሌቸርስ ኮቭ ላይ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ስለሚሆኑ ወደ ቦዩ እዚያ ትሻገራላችሁ። ግሬት ፎልስን ካለፋችሁ በኋላ ምግብ መግዣ ስለሚያንስ በ55ኛው ማይል ላይ እስካለችው ብራንስዊክ ድረስ የሚበቃችሁን ያዙ፤ የበሶ ጭብጦ፣ ቆሎና ቴምር ቦታ አይፈጁም፣ አይበላሹም፣ በጾምም ሆነ በፍስክ ይሆናሉ። ለአራት ሰው ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ፓምፕ፣ የጎማ ማውጫና የካቴና ማያያዣ ይኑራችሁ፤ የሁላችሁ ጎማ ዲያሜትር አንድ መሆኑንም ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ። በ42ኛው ማይል ላይ እ.ኤ.አ. በ1833 የተጠናቀቀው፣ ሰባት ቅስት ያለው የሞኖካሲ ድልድይ ይገኛል። የቦዩን ውሃ ከነጀልባው በወንዝ ላይ ያሻግር የነበረ የድንጋይ ሥራ ነው፤ በእንዲህ ያሉ ድልድዮች ላይ ብስክሌት ይገፋል እንጂ አይነዳም። ሃርፐርስ ፌሪ ከፖቶማክ ማዶ ስለሆነች ደግሞ ለመግባት ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ጠምዛዛ የብረት ደረጃ መውጣትና በባቡሩ ድልድይ ጎን ባለው የእግረኛ መንገድ መሻገር አለባችሁ። ጓዝ ያበዛ ሰው የሚጸጸተው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ከአባቱ ጋር በቦዩ ዳርና በሼፈር ፋርም መንዳት ጀምሯል። እኔ የምፈራው መውደቁን ሳይሆን መዥገሩን ነው። ፍርሃቴ የተጋነነ ነው?

መልስ፦ አልተጋነነም፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ «ላይም» የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ጥቁር እግር መዥገር የሚገኝባቸው ግዛቶች ናቸው። ነገር ግን ልጁን ቤት የሚያስቀር አይደለም። መዥገር ከዛፍ አይወርድም፤ በረጅም ሣርና በቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ስለዚህ አደጋው የሚበዛው በሚነዳበት ጊዜ ሳይሆን ለማረፍ ብሎ ሣር ላይ ሲቀመጥ ወይም ብስክሌቱን ጥሻ ውስጥ ሲያስተኛ ነው። ረጅም ካልሲ ያድርግ፤ ፐርሜትሪን የሚባለውን መድኃኒት በልብሱና በጫማው ላይ እንጂ በቆዳው ላይ አትርጩ።

ቤት ሲገባ ልብሱን ሳታጥቡት በፊት በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ማድረቂያ ውስጥ ክተቱት፤ መዥገሩን የሚገድለው ደረቅ ሙቀት ነው። ከዚያ ገላውን ይታጠብና ከጉልበቱ ጀርባ፣ ብሽሽቱን፣ ብብቱን፣ እምብርቱን፣ ከጆሮው ኋላና የራስ ቅሉን ፈትሹ። ያልጎለመሰው መዥገር በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት ዳበሳም ፈልጉት። ተጣብቆ ካገኛችሁት ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ በክብሪት መለብለብም ሆነ ቅባት መቀባት አይገባም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከተነቀለ በ«ላይም» በሽታ የመያዝ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። የተነቀለበትን ቀን በወረቀት ጻፉ፤ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካያችሁበት ቀኑን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።