ሚዛን የተቀረጸበት መቃብር የማን ነው?

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን ከአንኮበር በታች ባለች መንደር ለሦስት ትውልድ ሱቅ ነበረው። ሱቁን በጣሊያን ጊዜ የከፈቱት ቅድመ አያቴ ናቸው ሲባል ነው ያደግነው። ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታደስ ከእሳቸው መቃብር አጠገብ የወደቀ ድንጋይ ተገኘ። ከመስቀሉ ሥር ሚዛን ተቀርጾበታል። «ወለተ ጻድቅ፣ ጥር ፳፩ ቀን ሐሙስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ፲፱፻፳» ይልና የመጨረሻው ቁጥር ተፍቋል። በዘራችን ወለተ ጻድቅ የምትባል የለችም። ከሱቁ ሣጥን ደግሞ 1780 የሚል ጠገራ ብር ወጥቷል። ሱቁ ያን ያህል ዕድሜ ይኖረው ይሆን?
የባለሱቁ የልጅ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ብሩን ወደ ሣጥኑ ይመልሱት። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት ይህ ጠገራ ብር፣ ከሞቷ ወዲህ መቼም ይመታ መቼ፣ የሚጻፍበት 1780 ነው፤ እሱም በፈረንጅ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። በዚህ ቁጥር የተነሣ ስንቱ ቤተሰብ አያቱን የጥንት ዘመን ሰው አድርጎ እንደሚያወራ ብነግርዎ ይስቃሉ።

ድንጋዩ ግን ቁም ነገር አለው። የተፋቀው ቁጥር አያሳስብዎ፤ ከ1920 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ዘመነ ሉቃስ የዋለው በ1923 እና በ1927 ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚለይልን ሐሙስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 21 ልክ ሃያ ሳምንት ስለሆነ ሁለቱ ቀናት ሁልጊዜ በአንድ ዕለት ይውላሉ። የ1927 ዘመን መለወጫ ማክሰኞ ነበር፤ የ1923 ሐሙስ። ስለዚህ ሴትዮዋ ያረፉት በ1923 የአስተርዮ ማርያም ዕለት ነው፤ ንጉሥ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ከጫኑ ሦስት ወር ሳይሞላ። ሽማግሌ ሲጠይቁ «በ1923» አይበሉ፣ ማንም አይመልስልዎትም። «ንጉሡ በነገሡ ዓመት፣ ለአስተርዮ የሞተችው ማን ነበረች?» ይበሉ።

ስሙ ለምን እንግዳ ሆነባችሁ? የክርስትና ስም ስለሆነ ነዋ! ቄሱ በፍትሐት የሚጠሩት እሱን ነው፤ ጎረቤት ግን ዕድሜ ልኳን በሌላ ስም ሲጠራት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ወለተ ጻድቅ በየደብሩ ሞልታለችና ስሙን ብቻ ይዘው ዘር አይቁጠሩ። የቤተሰቡን የንስሐ አባት፣ እሳቸው ከሌሉ የተኳቸውን ካህን ያነጋግሩ፤ የሙት ዓመትና ተዝካር የወጣላቸውን ሰዎች የክርስትና ስም በቃላቸው የያዙ አረጋውያን ካህናት ዛሬም አሉ። ከቤታችሁ በየዓመቱ ለአስተርዮ ዝክር የሚያወጣ ካለ ደግሞ ዝክሩ ከማን እንደወረደ ይጠይቁ።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ፤ እርስዎን ያጓጓዎት እሱ ይመስለኛል። እኔ የሱቅ ሚዛን ነው ብዬ አልፈርምልዎትም። የበላዔ ሰብእን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ አይተውት የለም? ኃጢአቱ አንዱን ወገን ሲያዘቅጠው፣ በእመቤታችን ስም የሰጠው አንድ እፍኝ ውሃ በእሷ ጥላ ሚዛን ሲደፋ? በማርያም ቀን ላረፈች ሴት ድንጋይ ጠራቢ ያንን ቢቀርጽ ምን ይገርማል።

ስለ ሱቁ የሚመሰክር ከተገኘ ሌላ ቦታ ነው። ከአንኮበር በታች ያለው አገር ከጣሊያን በፊትም የንግድ አገር ነበር፤ የታጁራና የሐረር ሲራራ ነጋዴ አልዩ አምባ ገበያ ሲወርድ ሲወጣ የኖረበት ነው። እንግዲህ በዚያ መንደር በ1923 ጨውና አቡጀዲ የምትሸጥ ሴት መኖሯ ከአገሩ ባሕርይ ውጭ አይደለም። ትልልቆቹን «ሱቁን ማን ከፈተው?» ካሏቸው ሁሉም የወንዱን፣ የቅድመ አያትዎን ስም ይጠሩልዎታል። «የእናትዎ እናት ጨው ከማን ቤት ትገዛ ነበር?» ብለው ይሞክሩ። የድሮ የዱቤ ደብተር ካለም የመጀመሪያዎቹን ገጾች ይዩ፤ ሒሳቡ በሊሬ ከሆነ የጣሊያን ጊዜ ነው። በጠገራ ብር ከሆነ ግን አይቸኩሉ፤ ጠገራው በጣሊያን ጊዜም ከገበያ አልጠፋም።

ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ እንዳይፍቁት፣ በኖራም እንዳይቀቡት። ሲመሽ የእጅ ባትሪ ከጎኑ አስጠግተው ያብሩና በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ የተፋቀው ቁጥር በጥላው ብቅ ሊል ይችላል። ፫ ከሆነ ነገሩ አበቃ። ፯ ሆኖ ከተገኘ ግን ቀራጩ ወይ ዕለቱን ወይ ዓመቱን ስቷልና ፎቶውን ይላኩልኝ። ድንጋዩን ከወደቀበት ለማንሣት ካሰቡም በቅድሚያ ለሰበካ ጉባኤው ይንገሩ።