«ጋሼ» የሚለው ልጅ

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አባቱ ካረፈ 7 ዓመት ሆኖታል። ከ5 ዓመት በፊት ሌላ ትዳር መሥርቼ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ባለቤቴ ሁለቱን ለይቶ አያይም፤ ልጄ ግን እስከ ዛሬ «ጋሼ»፣ «እርስዎ» ነው የሚለው። እኅቱ «አባባ፣ ና» ስትል እሱ «ጋሼ፣ ይምጡ» ይላል። ለፋሲካ እንግዶች ባሉበት እጅ ሲያስታጥብ «አባባ በል እንጂ» ስለው ማስታጠቢያውን አስቀምጦ ወጣ። ባለቤቴ ባይነግረኝም እንደሚከፋው አውቃለሁ። ልጄን እንዴት ላርመው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ባለቤትዎ፣ ስለ ሴት ልጅዎና ስለ እንግዶቹ በዝርዝር ጽፈውልኛል፤ የልጅዎ አባት ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ ያልፋል። ልጁ ምን ብሎ ይጠራው እንደ ነበርም አልነገሩኝም። «አባባ» ይለው ከነበረ፣ አሁን ያንኑ መጠሪያ ለሌላ ሰው እንዲያውለው፣ ያውም በሰው ፊት፣ እየተጠየቀ ነው ማለት ነው።

«ጋሼ» ለማን እንደሚባል እስቲ ያስቡት። ታናሽ ታላቅ ወንድሙን፣ ልጅ አጎቱን ወይም የሚያከብረውን የቤተ ዘመድ ሰው የሚጠራበት ነው። ልጅዎ ባለቤትዎን «አቶ እገሌ» አላላቸውም፤ ብዙ ልጆች በእንዲህ ዓይነቱ ቤት እንደሚያደርጉትም መጠሪያ ሳይሰጥ ዙሪያ ጥምጥም መናገርን አልመረጠም። የአባቱን ቦታ ሳይነካ፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለው የቅርብ ዘመድ ቦታ አስቀምጧቸዋል። በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ማመዛዘኑ እኔን ያስደንቀኛል። «እርስዎ» ማለቱንም እንደ ቅዝቃዜ አይውሰዱት፤ የወለዷቸውን አባት ዕድሜ ልካቸውን «እርስዎ» ሲሉ የኖሩ ልጆች በየቤቱ አሉ፣ ፈጣሪን ደግሞ «ስምህ ይቀደስ» እያልን በአንተታ ነው የምንለምነው። (ወንድ ልጇን «አንቺ» እያለች የምታቆላምጥ እናትስ ስንት አለች!)

ደግሞም ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ስሙ በተጠራ ቁጥር የሟች አባቱ ስም ተከትሎ ይጠራል፤ እኅቱ ግን በባለቤትዎ ስም ትጠራለች። ውጭ በየቀኑ የሚሰማውን ልዩነት ቤት ሲገባ እንደሌለ እንዲቆጥረው መጠየቁ ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም። ስለዚህ እውነቱን ልንገርዎትና በዚህ ጉዳይ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ።

ባለቤትዎ እንደሚከፋቸው «አውቃለሁ» ብለዋል እንጂ «ነግሮኛል» አላሉም። ምናልባት «አባባ» መባሉን አጥብቀው የሚሹት እርስዎ ይሆኑ? ባሏን ቀብራ፣ ልጅ ይዛ፣ እንደገና ጎጆ ያቆመች ሴት ቤቷ ያልተሰበረ መስሎ እንዲታይላት ብትመኝ የሚያስወቅሳት የለም፤ ሆኖም ያንን ምኞት በሰው ፊት የማስመስከሩ ሥራ በልጁ ጫንቃ ላይ የወደቀ ይመስለኛል።

ለጊዜው «አባባ በል» ማለቱን ቢተዉት፣ ዘመድ ሲጀምረውም እርስዎ ቀድመው «‹ጋሼ› ይበቃል» ቢሉ መልካም ነው። ባለቤትዎን በግምት ከማወቅ በቀጥታ ቢጠይቋቸው ምናልባት ያልጠበቁትን መልስ ይሰሙ ይሆናል። ልጁ አንድ ቀን መጠሪያውን ራሱ ሊለውጥ ይችላል፤ ላይለውጥም ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ባለቤትዎ ሲገቡ ልጁ ክፍሉን ጥሎ የሚወጣ፣ ከእሳቸው ጋር ብቻውን መቅረትን የሚሸሽ ወይም እንቅልፉና ትምህርቱ የተበላሸበት ከሆነ ነገሩ ከመጠሪያ ያለፈ ነውና ሳይዘገዩ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል ያማክሩ። ይህ ከሌለ ግን ልጁን ከመላክዎ በፊት እርስዎ ራስዎ አማካሪ ዘንድ ቢሄዱ እመርጣለሁ፤ ስለ መጀመሪያ ባለቤትዎ ከማንም ጋር ቁጭ ብለው ያወሩ አይመስለኝም።