ለወጣት እንጨት ሠራተኞች፦ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ለኩ

ልጆቼ፣ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ስገባ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። በስላይዲንግ መጋዝ፣ ማለትም ተንሸራታች ጠረጴዛ ባለው መጋዝ፣ ሲቆረጥ የሜላሚኑ (በስስ ጠንካራ ንጣፍ የተሸፈነው ቦርድ) ጠርዝ ይሸራረፋል። ወጣቱ ወዲያው የዳዶ መፍቻ ቁልፍ አንስቶ ከትልቁ ዲስክ ፊት ያለውን ትንሹን ዲስክ መነካካት ይጀምራል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ከጠዋቱ ብሶ ይገኛል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከትንሹ ዲስክ አይደለም።

እኛ በዋንዛ ነው ያደግነው። ዋንዛ ይቅር ባይ እንጨት ነው። መጋዙ ትንሽ ቢያበላሸው በመላጊያ ታስተካክሉታላችሁ። ሜላሚን ግን አንዴ ከተቆረጠ አለቀለት፤ መላጊያ አያድነውም። ስለዚህ የእናንተ ማሽን ከእኛው የበለጠ ልክ መሆን አለበት።

ስላይዲንግ መጋዝ የሚስተካከለው በተርታ ነው፦ መጀመሪያ ትልቁ ዲስክ፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ጠረጴዛ፣ ከዚያ እንጨቱ የሚደገፍበት ጋይድ፣ ትንሹ ዲስክ መጨረሻ። የመጨረሻውን አስቀድማችሁ ካስተካከላችሁ፣ የፊተኛውን ስትነኩ ተመልሶ ይበላሻል።

ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ዋናውን መስመር አጥፉ። ዲስኩን አውጡና ፍላንጁን፣ ማለትም ዲስኩን ከጎን የሚይዘውን ክብ ብረት፣ በጨርቅ ጥረጉ። እዚያ የተጣበቀች የሙጫ ቅንጣት ዲስኩ ጫፍ ላይ ስትደርስ እጥፍ ድርብ ሆና ታወዛውዘዋለች። ስንት ሰው ኩሽኔታ ሊቀይር ሲል የፍላንጅ ቆሻሻ ሆኖ ተገኝቷል መሰላችሁ! ዳዶው በአንዳንድ ማሽን ላይ የሚፈታው በተቃራኒ ነው፤ እምቢ ሲል በመዶሻ አትምቱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጠረጴዛው የሚሄድበት መስመርና ዲስኩ ከሞላ ጎደል ትይዩ መሆን አለባቸው። አንድ ጥርስ ምረጡና በእስኪርብቶ ምልክት አድርጉበት። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ተንሸራታቹ ጠረጴዛ ላይ እሰሩ፤ ጥርሱን ከፊት በኩል ለኩ። ከዚያ ዲስኩን በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱት፤ ጠረጴዛውንም ገፍታችሁ እንደገና ለኩ። ያው ጥርስ መሆኑ ግድ ነው። ሌላ ጥርስ ከለካችሁ የምትለኩት የዲስኩን መጣመም እንጂ የጠረጴዛውን አይደለም። ከኋላ በኩል ጠረጴዛው ከዲስኩ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ የኋላ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ሲወጡ የተቆረጠውን ጠርዝ ደግመው ይቧጥጡታል። የላይኛው ሜላሚን የሚሸራረፈው፣ እንጨቱም የሚቃጠለው በዚህ ነው። በቀኝ ያለው ትይዩ ጋይድም እንዲሁ ከኋላ በጣም በትንሹ ይከፈት፤ ካልሆነ እንጨቱን ጨምቆ ወደ እናንተ ይወረውረዋል። ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን የብረት ምላስም እንዳታወልቁ። ከጥርሱ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቃ ትቁም።

ተንሸራታቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጋይድ በ90 ዲግሪ መቆሙን ለማወቅ እስኳድራን ብቻ አትመኑ። አንድ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ቦርድ) አምጡ። አራቱንም ጎን በየተራ ቁረጡ፤ ሁልጊዜ አሁን የተቆረጠውን ጎን ጋይዱ ላይ እያስደገፋችሁ። በአምስተኛው ላይ ከመጀመሪያው ጎን ቀጭን ቁራጭ አውጡና የሁለቱን ጫፎች ስፋት በካሊፐር፣ በጥቃቅን መለኪያው፣ ለኩ። ልዩነቱን ለአራት አካፍሉት። በ80 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ ልዩነቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የጋይዱ እውነተኛ ስህተት በዚያ ርዝመት 0.2 ነው። ዓይን የማያየውን አራት እጥፍ አድርጎ ያሳያችኋል።

ትንሹ ዲስክ አሁን ይምጣ። ሥራው የታችኛውን ሜላሚን ቀድሞ መብጣት ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ ይበል። የሚሽከረከረው ከትልቁ በተቃራኒ ነው። ስፋቱ ከትልቁ ዲስክ ጋር እኩል፣ ቢበዛ 0.1 የሚሰፋ ይሁን። ቁራጭ ላይ ግማሽ ድረስ ቁረጡ፣ አጥፉ፣ ዲስኩ እስኪቆም ጠብቁ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ በጥፍራችሁ ዳብሱ። በአንድ ወገን ብቻ ከተሸራረፈ ወደዚያው ወገን ግፉት። በሁለቱም ከሆነ ጠቧል ማለት ነው። ጥርሱ ሾጣጣ የሆነው ዓይነት ከፍ ሲል ይሰፋል፤ ሁለት ቁራጭ ሆኖ የሚመጣው ግን በመሀል ሺም፣ ማለትም ስስ ማስገቢያ ቀለበት፣ ይጨመርለታል። ትልቁ ዲስክ ተስሎ በመጣ ቁጥር ይህንን ድገሙት። ስለት ሲወጣለት ጥርሱ ይቀጥናል፤ ትናንት ልክ የነበረው ትንሹ ዲስክ ዛሬ ሰፊ ይሆናል።

የኛ ከተማ መብራት ነገር ደግሞ አለ። ኃይል ሲወርድ ሞተሩ ይደክማል፣ ዲስኩም እንጨቱን መቦጨቅ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ምንም አታስተካክሉ። ድምፁን አዳምጡ፤ ቺንጋው እየተንሸራተተ ወይም ከኤሌክትሪኩ ሦስት መስመሮች አንዱ (ፌዝ) ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ የሚነሳ ማሽን ላይ ከሆነ የምትሠሩት፣ ማብሪያው እንዲቀየር አሠሪያችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ለጥምቀት የሆቴል ሥራ ሲከማች፣ "ቁረጥ እንጂ፣ ምን ትለካለህ!" ማለቱ አይቀርም። የተሸራረፉትን ቁራጮች አንድ ላይ ደርድሩና ቦርዱ ስንት እንደተገዛ ጠይቁት።