«ብርድ ገብቷት ነው» እየተባለ የሚታለፍ ድካም

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 29 ሲሆን ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሰባት ወር ሆኖኛል። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ድካሙ ከአልጋ አላነሣኝ አለ፤ ፀጉሬ ይረግፋል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ጋቢ ደርቤም ብርዱ አይለቀኝም። አማቴ «የአራስ ብርድ ነው» ብለው አጥሚትና አብሽ ሲያጠጡኝ ቆዩ። በመጨረሻ ደሜ ተመርምሮ የታይሮይድ እጢዬን የገዛ ሰውነቴ እያጠቃው እንደሆነ ተነገረኝና ሌቮታይሮክሲን የሚባል እንክብል ታዘዘልኝ። ከጀመርኩት ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ትንሽም ተሽሎኛል። ወተቴ ሕፃኑን ይጎዳው ይሆን? መድኃኒቱን ላቁመው ወይስ ዕድሜ ልኬን ልውጠው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ። እንክብሉ እጢው ራሱ ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሕፃኑን አይጎዳም። እንዲያውም ሆርሞኑ ሲያንስ ወተትም ሊቀንስ ይችላል። ሕመሙም በወተት አይተላለፍም።

«እጢ» ሲባል ካንሰር መስሏቸው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ታይሮይድ ግን ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በእያንዳንዳችን አንገት ላይ ያለ የተፈጥሮ አካል ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ጽንሱን እንደ ባዕድ እንዳይቆጥር ረገብ ይላል። ከወሊድ በኋላ መልሶ ሲያንሰራራ፣ ተጋላጭ በሆኑ ሴቶች ላይ ታይሮይድን ያጠቃል። አንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልባቸው ይመታል፣ ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ ያጣሉ፤ የተጎዳው እጢ ያጠራቀመውን ሆርሞን ስለሚያፈስስ ነው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ገደማ ደግሞ ሆርሞኑ ያልቅና የእርስዎ ዓይነት ድካም ይከተላል።

በአማትዎ አልፈርድም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ «በረደኝ» ያለችን አራስ ማን ታማለች ብሎ ይጠረጥራል? ያችው እናት ሸዋ ሮቢት ሆና ጋቢ ብትደርብ ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ሆነሽ?» ባላት ነበር። በደጋው ብርዱ ሕመሙን ይሸፍነዋል፤ እናቶች ዘግይተው ሲመጡ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ድካሙ ብቻም አይደለም፤ የሆርሞን ማነስ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ሊያመጣ ይችላል። ራስዎን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላሉት፣ መልሱ ከእርግዝናው በፊት በነበረው ሁኔታ ይወሰናል። እጢዎ ጤነኛ ከነበረና ሕመሙ ከወሊድ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ አብዛኞቹ ሴቶች በዓመት ጊዜ ውስጥ ያገግማሉ። አስቀድሞ የቆየ ሃሺሞቶ፣ ማለትም ሰውነት የገዛ ታይሮይዱን ለረጅም ጊዜ የሚያጠቃበት ሕመም ከሆነ ግን (ስሙ በ1912 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሕመሙን ከገለጠው ጃፓናዊ ሐኪም የመጣ ነው) መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ዘላቂ ነው። ሁለቱን የሚለየው ክትትል ነውና አሁን በራስዎ አያቁሙ፤ የተሻለዎት በእንክብሉ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ይደገማል። የእርስዎ ጊዜው ደርሷል፤ በዚህ ሳምንት ይጠይቁ። ልብዎ ያለ ምክንያት የሚመታ፣ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ይንገሩ።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድመው ይዋጡት። ቡናው ተፈልቶ ቢጠብቅዎም ይታገሡ፤ ቡና ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት ይቀንሰዋል። አጥሚቱን፣ አብሹንና ተልባውን መተው አያስፈልግም፤ ከእንክብሉ ብቻ ያራርቁት። ከወሊድ በኋላ የታዘዘልዎ የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል ካለ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር። በጾም ወቅት ጠዋቱ ካልተመቸዎ፣ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ ማታ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ጸበልም ከሄዱ እንክብሉን ይዘው ይሂዱ።

እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለው ጨው መብላት መልካም ነው። ይህ ሕመም ግን ከአዮዲን እጥረት የመጣ ስላልሆነ፣ የአዮዲን መድኃኒት ገዝተው መጨመር ሊያባብሰው ይችላል።

ሦስተኛ ልጅ ካሰቡ ከማርገዝዎ በፊት ይመርመሩ። ያን ጊዜም መድኃኒቱ ላይ ካሉ እርግዝናው እንደታወቀ ሐኪም ያግኙ፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ ወዲያው ከፍ ይደረጋል፣ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነውና።