ቀለሙን የማይለቅ ደረቅ አበባ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

«ኅዳር ላይ አድርቄ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት የገለባ አበባ ሐምሌ ሲገባ ተከደነ። ነፍስ ዘራ እንዴ?»

ነፍስስ አልዘራም፤ የሆነው ነገር ግን በጣም ያስደንቃል። የገለባ አበባ ላይ ቢጫ፣ ቀይና ሮዝ ሆነው የሚያምሩት የአበባ ቅጠሎች ይመስሉናል እንጂ አይደሉም። እውነተኞቹ አበቦች መሃል ላይ የታጨቁት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ዙሪያቸውን የከበቧቸው ባለቀለም ሽፋኖች ገና ተክሉ ላይ ሳሉ እንደ ወረቀት ደርቀው የሚንኮሻኮሹ፣ ውሃ የሌላቸው ለማለት የሚያስደፍሩ ናቸው። ተቆርጠው ሲሰቀሉ የማይጠወልጉትም ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም የሚያጡት ውሃ አልነበራቸውም። የክረምቱ አየር ሲረጥብ ግን እርጥበት ይስባሉ። የውጭ ጎናቸው ከውስጡ የበለጠ ስለሚለጠጥ ወደ መሃል ይታጠፋሉ፤ በጋ ሲመጣ መልሰው ይከፈታሉ። ስለዚህ አይጣሉት! ሻጋታ እንዳይዘው ብቻ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት።

«በደንብ ሲፈካ ቆርጬ ብሰቅለው መሃሉ ተበተነ።»

ዘግይተዋል። የገለባ አበባ ከተቆረጠም በኋላ እየደረቀ መከፈቱን ይቀጥላል። የውጭዎቹ ሁለት ሦስት ረድፎች ተከፍተው መሃሉ ገና እንደተዘጋ፣ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይቁረጡት። አንገቱ ደካማ ስለሆነ ገና እርጥብ ሳለ ቀጭን ሽቦ ከታች ይሰኩበት። ሊሞኒየም የሚባለው ሌላው ለማድረቅ የሚመች አበባ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አበቦቹ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሲፈኩ ነው የሚቆረጠው። ሁለቱንም በትናንሽ እስር አድርገው ጨለማና ነፋሻ ክፍል ውስጥ ቁልቁል ለሁለት ሦስት ሳምንት ይስቀሏቸው። ፀሐይ ላይ አያስጧቸው፤ ቀለም የሚበላው ብርሃን ነው።

«ባሌ ሰነቴ አምባ ላይ ቅጠሉ ብርማ፣ አበባው ቢጫ ቁጥቋጦ አየሁ። ቆርጬ ባመጣስ?»

እባክዎ አያድርጉት። ያዩት የሄሊክሪሰም ወገን ይመስላል፤ የገለባ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ፎቶ ያንሱት። ለቤትዎ የአውስትራሊያውን የገለባ አበባ ከዘር ያብቅሉ፤ ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ካገኘ አያስቸግርም።

«አደይ አበባስ ይደርቃል?»

ተሰቅሎ አያምርም፤ ስስ ቅጠሎቹ ይጨማደዳሉ። ለአዲስ ዓመት ካርድ ከሆነ ግን በጋዜጣ መሃል ዘርግተው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ እርጥበቱ ከቆየ ይጠቁራል።